የመከታ ድርሻ

አቶ እንደሻው ሠላሳ አንድ ዓመት በፖስታ ቤት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የሐረሩ የአቦከር ሰፈር ግን የሚያውቃቸው በደብዳቤ ሳይሆን በቢላዋቸው ነበር። ለፋሲካም ሆነ ለመስቀል ጎረቤቱ ተሰባስቦ በሬ ሲጥል፣ የቅርጫውን መደብ የሚደለድሉት፣ ከዚህኛው ቀንሰው በዚያኛው ላይ የሚጨምሩት፣ በመጨረሻም ዕጣውን የሚያስጥሉት እሳቸው ናቸው። እሳቸው በደለደሉት ሥጋ የተቀያየመ ሰው አልነበረም።

በዚህ ሥርዓታቸው ውሻም ድርሻ ነበረው። ከብቱ ተከፍቶ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ከተገኘ ያ ክፍል ለሰው አይቀርብም። ዙሪያውን በቢላዋ ጫፍ ቆርጠው ያነሡና ለውሻ ይጥሉታል። ከአባታቸው የተማሩት ነው። የተበላሸውን ከሰው ማዕድ አርቆ ለተራበ እንስሳ መስጠት ንጽሕናም ጽድቅም ሆኖ ይታያቸው ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ የዚህ ታሪክ መራራነትም ከዚያ ይጀምራል።

ጥቅምት በተጋመሰ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት አቶ እንደሻው በግቢያቸው ሁለት በግ አረዱ። በማግሥቱ የልጅ ልጃቸው የኤደን ሙት ዓመት ነው። ኤደን በአሥራ ሁለት ዓመቷ የሞተች፣ የሴት ልጃቸው የብርቱካን የመጀመሪያ ልጅ ነበረች። ታናሿ ሊድያ አምስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ጠዋት ከግንቡ ጥግ ተቀምጣ ጀርባዋን በውሻው ጎን ላይ አስደግፋ ነበር። ውሻውን መከታ ይሉታል። ገና ቡችላ ሳለ ከኤረር በር አካባቢ በሹራቧ ጠቅልላ ያመጣችው ኤደን ነበረች። ስለዚህ ሽማግሌው ከእሷ ሞት በኋላ ለመከታ ጉርሻ ሲጥሉ ለልጅቱ ያጎረሱ ያህል ይሰማቸው ነበር።

የሁለተኛው በግ ሳንባ እንደተቀቀለ እንቁላል በነጡ ሦስት ከረጢቶች ተወጥሮ ተገኘ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ቆርጠው አነሡትና መከታን ሊጠሩ ሲሉ በሩ ተንኳኳ። ሳንባውን በቆርቆሮ ክዳን ላይ አኑረው ቀና ሲሉ አንዲት ወጣት ነጭ ካፖርት ለብሳ፣ የበረዶ ሣጥን በትከሻዋ አንጠልጥላ ከደጃፉ ቆማለች። ሰገነት ነበረች፤ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው የለገሠ ልጅ። የእንስሳት ሕክምና ትምህርቷን ባለፈው ሐምሌ በከፍተኛ ማዕረግ አጠናቅቃ ወደ ከተማዋ ተመልሳ ነበር። በዚያ ሳምንት ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ቤት ለቤት እየዞረች ነው እንጂ፣ የሙት ዓመት ድግስ መኖሩን አላወቀችም።

«አንቺ የለገሠ ልጅ» አሉ አቶ እንደሻው እጃቸውን በጨርቅ እየጠራረጉ። «አባትሽ ዶክተር ሆነች ሲለኝ የጀርባ ሕመሜን ላሳይሽ ስጠባበቅ ነበር። ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ የተማርሽው ለውሻ ነው?»

«ለውሻም ለባለቤቱም ነው፣ አባባ» አለች ሰገነት ፈገግ ብላ። «ጀርባዎን ግን አልነካም።»

መከታን ራሳቸው ይዘው አስወጉት። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ወንበር አቀረቡላትና በልባቸው ያኖሩትን ጥያቄ ሁሉ ያዘንቡ ጀመር። በዐቢይ ጾም ቤቱ ሥጋ ስለማይገባበት መከታም ከቤተሰቡ ጋር ሃምሳ አምስቱን ቀን ሽሮ ፍትፍት እየበላ እንደሚከርም፣ ይህም ቢያከሳው እንጂ እንደማይጎዳው ነገሯት። ሰገነት በትሕትና አስረዳቻቸው፤ ጾም ለሰው የተሰጠ ነው፣ ውሻ ሥጋ ቢያጣ እንኳ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ዓሣ ሊያገኝ ይገባል፣ በሽሮው ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ደሙን ያደክመዋል። ስለ ዶሮ አጥንት ጠየቋት፤ ሲበስል እንደ መርፌ እየተሰነጠቀ አንጀት ይበሳል አለች። በጣራው ላይ ስለምትዞረው ድመት ጠየቋት፤ የላም ወተት ብዙዎቹን ትልልቅ ድመቶች ተቅማጥ እንደሚያስይዛቸው፣ ከወተት ይልቅ ንጹሕ ውሃ እንደሚሻላት ነገረቻቸው። አቶ እንደሻው አንዳንዱን ተቀበሉ፤ አንዳንዱን በሳቅ አለፉ። ዕውቀት በትንንሹ ሲመጣ ማንንም አያስቀይምምና ጨዋታው ሞቅ ብሎ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌው ተነሥተው የቆርቆሮውን ክዳን አነሡ።

«ተወግቷል፤ ካሳውን ይብላ።»

ሰገነት ነጮቹን ከረጢቶች ስታይ ከወንበሯ ተነሣች። «አባባ፣ እባክዎ እሱን አይስጡት።»

«ለምን? ይኼ እኮ የእሱ ድርሻ ነው። ለእንግዳ ላቅርበው?»

«ለማንም አይቅረብ። ይቀበር።»

የአቶ እንደሻው ፊት ጠቆር አለ። በልጅ ልጃቸው መታሰቢያ ዋዜማ፣ በገዛ ግቢያቸው፣ ትናንት አፍንጫዋን ሲጠርጉላት የነበረች ልጅ እንዲህ አድርግ ስትላቸው ክብራቸው የተነካ መሰላቸው። ሆኖም ድምፃቸውን አላነሡም። አባታቸውም እሳቸውም እስከዚያ ዕለት ድረስ ይህንኑ ሲያደርጉ እንደኖሩ፣ መከታም በዚህ ድርሻ ወፍሮ ጠጉሩ እንደሚያንጸባርቅ አስረዷት። ትል ያለበት ውሻ ይከሳል፣ ቂጡን በመሬት ይጎትታል፤ መከታ ግን አንድም ቀን ታሞ አያውቅም አሉ።

ሰገነት ክዳኑን ከእጃቸው በቀስታ ተቀብላ በርሜሉ ላይ፣ ውሻው በማይደርስበት፣ አስቀመጠችው።

«እርስዎ የሚያውቁት ትል ሌላ ነው፣ አባባ። ይኼኛው የኮሶ ዘመድ ነው፤ ግን ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነው። በውሻው አንጀት ውስጥ በሺህ ቢቆጠር እንኳ ውሻውን አያሳምመውም። በዚህ ከረጢት ውሃ ውስጥ የትሉ ፍሬዎች አሉ። መከታ ሲበላው በአንድ ወር ተኩል ገደማ ያድጉና እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። በጠጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ራሱን ሲልስ ወደ አፉ ይሄዳል። ዓይን አያየውም።»

«ከዚያስ?»

«በግ ከሣር ጋር ይበላዋል፤ ሳንባው እንደዚህ ይሆናል። እኛ ሳንባውን መልሰን ለውሻ እንሰጣለን። ዙሩን የምናዞረው እኛ ነን።»

ሽማግሌው የሐረር ሰው የሚያስበውን አሰቡ። ለውሻ ካልሆነ ከግንቡ ውጭ ልጣለው፣ ጅብ ይውሰደው አሉ። ሰገነት ግን ጅቡ እስኪመጣ የሸዋ በር ገበያ ውሾች ቀድመው እንደሚደርሱ፣ እነሱም በቲማቲምና በሰላጣ ተራ መካከል እንደሚውሉ አስታወሰቻቸው። መፍትሔው አንድ ነው፤ ውሻም ጅብም ቆፍሮ ከማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር፣ አለዚያም ማቃጠል። ለውሻው ደግሞ በየስድስት ሳምንቱ የትል መድኃኒት መስጠትና ኩሱን አንስቶ መቅበር ያስፈልጋል። ሳንባና ጉበት ደኅና መስሎ ቢታይ እንኳ በደንብ ሳይቀቀል አይሰጠውም።

ይህን ስትናገር ዓይኗ ወደ ሊድያ ሄደ። ሕፃኗ ጣቷን በመከታ ጠጉር ውስጥ ስታመላልስ ቆይታ ያንኑ ጣት አፏ ውስጥ አስገባችው።

«ልጆችም» አለች ሰገነት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ውሻ በነኩ ቁጥር እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።»

አቶ እንደሻው ይህን ሲሰሙ በምሬት ሳቁ። «አንቺም እንደ ሸምሲያ ልትሆኚ ነው?»

ሸምሲያ ግድግዳ የምትጋራቸው የአደሬ ጎረቤታቸው ነበረች። ኤደን ከሸምሲያ ልጅ ከናፊያ ጋር በአንድ ክፍል ትማር ነበርና በየቀኑ ወደ እነሱ ቤት ትመላለስ ነበር። ሸምሲያም ልጅቱን ሁልጊዜ ከደጃፍ አቁማ፣ በማንቆርቆሪያ ውሃ እያፈሰሰች እጇን በሳሙና ታስታጥባት ነበር፤ በእስልምና እምነቷ የውሻ ምራቅ ነጃሳ፣ ርኩስ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቀን ኤደን ይህንኑ በየዋህነት ለአያቷ ነገረቻቸው። አቶ እንደሻው ከሸምሲያ በር ሄደው «የእኔ ልጅ ርኩስ አይደለችም» አሉ። ሸምሲያ ልታስረዳ ሞከረች፤ አልሰሟትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ኤደን ያን ደጃፍ አልረገጠችም። ለቅሶ ጊዜ ሸምሲያ ነጠላዋን ተከናንባ መጥታ ከበሩ አጠገብ ቆማ አልቅሳ ተመለሰች እንጂ ግቡ ያላት አልነበረም። ለነገው ድግስም ግራና ቀኙ ጎረቤት ሁሉ ሲጠራ የእሷ ቤት ታልፏል።

ሰገነት የሸምሲያን የማስታጠብ ልማድ እንደ ሰፈሩ ሁሉ ታውቃለች እንጂ ጠቡን አታውቅም። «እትዬ ሸምሲያ ያደረጉት እምነታቸው ያዘዛቸውን ነው» አለች። «እኔ የምናገረው ስለ ትሉ እንቁላል ነው። ምክንያታችን ይለያያል፤ ውሃውና ሳሙናው ግን አንድ ነው።»

«ባይታጠቡስ? ልጅ መቼም አፈር ሲልስ ነው የሚያድገው።»

«ባይታጠቡ እንቁላሉ ወደ ሆድ ይገባል። ከዚያ በደም ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ ይሄድና ልክ እዚህ በግ ላይ እንዳዩት ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድጋል። ልጁ አያመውም፣ አይከሳም፤ ይጫወታል፣ ይማራል። ችግሩ የሚመጣው ከረጢቱ ሲተልቅ ነው። በአንድ መውደቅ ወይም በአንድ ግጭት ሊፈነዳ ይችላል። ያኔ ገላ ሁሉ ያብጣል፣ ትንፋሽ…»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ሲቀመጡ አየችና አቆመች።

አቶ እንደሻው አሁን የሚያዩት ሰገነትን አልነበረም። የዛሬ ዓመቱን ከሰዓት ያያሉ። ኤደን ገመድ ስትዘል ወድቃ ሆዷን ይዛ ተነሣች፤ ትንሽ ቆይታ ፊቷ አበጠ፣ ገላዋ በሽፍታ ተሞላ፣ አየር አጣች። እሳቸው አስቀድመው የሮጡት ወደ ጠበል ነበር። ሆስፒታል ሲደርሱ አልቆ ነበር። ሐኪሙ የተናገረው ብዙ ነገር አልገባቸውም፤ ውሃ ቋጥሮ ነበር ያለው ብቻ ጆሯቸው ውስጥ ቀርቷል። ያን ሁሉ ጊዜ፣ ልጅቱ ቀትር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስለምትጠጣ ነው ብለው ብርቱካንን ሲወቅሱ ኖረዋል።

ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ከሥዕለ ማርያሙ ሥር ካለው ሣጥን አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ተመለሱ።

«በእንግሊዝኛ ነው» አሉ። «አንብቢልኝ።»

ሰገነት ወረቀቱን ገለጠች። ሽማግሌው የሚመለከቱት ፊቷን ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ያደሉ ሰው ናቸውና፣ ቃሉ ከመነበቡ በፊት የአንባቢውን ፊት ማንበብ ያውቃሉ። ሰገነት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከክፍሏ አንደኛ ሆና ስትጨርስ አንድ ቀን ዕውቀቷን እንደ ወንጀል ደብቃ ማምለጥ እንደሚያምራት ያስጠነቀቃት መምህር አልነበረም።

«አባባ፣ ዛሬ ባይሆንስ?»

«ዛሬ ነው። ነገ ተዝካሯን አበላለሁ። ምን እንደገደላት ሳላውቅ አላበላም።»

«እሱው ነው» አለች። «ጉበቷ ላይ ነበር። ሲፈነዳ ነው።»

«ከመከታ ነው?»

«ከየትኛው ውሻ እንደሆነ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ከመንገድ ውሻም፣ ካልታጠበ አትክልትም ሊሆን ይችላል።»

«እኔ የጠየቅሁሽ ሌላ ነው፣ ልጄ። ከመከታ ሊሆን ይችላል ወይ?»

«ይችላል።»

አቶ እንደሻው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በቅርጫ ጊዜ አንድ መደብ ልኩን ሲይዝላቸው እንደሚያደርጉት። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ገመድ አንስተው ወደ ውሻው ሄዱ። ሰገነት ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገባትና ከፊታቸው ቆመች።

«እሱን ቢገድሉት ማንም አይድንም። ሳንባው እስከተጣለ ድረስ ነገ ሌላ ውሻ ይበላዋል። መከታ የበላው የተሰጠውን ነው።»

«የተሰጠውን» አሉ ሽማግሌው። ገመዱ ከእጃቸው ወደቀ። «ማን እንደሰጠውም ንገሪኛ።»

ሰገነት አላወቁም ነበር ብትል እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ እውነት ለሚሰሙት ሰው ምን እንደሚጠቅም አልታያትም። ስለዚህ ሌላውን፣ ገና ሊጠቅም የሚችለውን እውነት ተናገረች። ሊድያ ሰኞ ዕለት ሆስፒታል ሄዳ ሆዷ በአልትራሳውንድ ይታይ፤ ቀድሞ ከተገኘ መድኃኒት አለው አለች። የሕፃኗ ስም ሲጠራ አቶ እንደሻው ዘወር አሉ። ሊድያ መከታን አቅፋ፣ ጉንጯን ጆሮው ላይ አሳርፋ ታያቸው ነበር። ኤደን በዚያ ዕድሜዋ ልክ እንደዚያው ነበር የምትቀመጠው።

ሳንባውን የቀበሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ቆፍረው ሲጨርሱ ጉድጓዱ እስከ ደረታቸው ደርሶ ነበር፤ ለአንድ ሳንባ ያን ያህል አያስፈልግም ነበር።

ተዝካሩ ተበላ። እንግዳው ከተሸኘ በኋላ አቶ እንደሻው ብርቱካንን አስቀምጠው ሁሉንም ነገሯት፤ ከራሳቸው ጥፋት አንድም ቃል አልቀነሱም። ብርቱካን ተነሥታ የመከታን ሳህን አነሣችና ከበሩ ውጭ አኖረችው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ አባዬ ብላ አልጠራቻቸውም፤ ምግብ ታቀርባለች፣ ውሃ ታቀዳለች፣ ስም አትጠራም። እሳቸውም አልጠየቋትም።

ሰኞ በሊድያ ጉበት ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር ታየች። ሐኪሙ ገና ትንሽ መሆኗን፣ በመድኃኒት ልትከስም እንደምትችል፣ በየስድስት ወሩ ግን ለዓመታት መታየት እንዳለባት ተናገረ። ልትከስም ትችላለች አለ እንጂ ትከስማለች አላለም። ሽማግሌው የሁለቱን ቃላት ልዩነት እየመዘኑ ወደ ቤት ተመለሱ።

ኅዳር አሥራ አራት ለገና ጾም ቅበላ ሰፈሩ በሬ ሲጥል፣ አካፋዩ ከቢላዋ በፊት አካፋ ይዘው መጡ። ጓደኞቻቸው አሾፉባቸው፤ እንደሻው ጡረታው አልበቃ ብሎት መቃብር ቆፋሪነት ተቀጠረ ወይ ተባሉ። እሳቸው ጉድጓዱን ቆፍረው ጨረሱ። ከዚያ የበሬው ጉበት ሲከፈት አንድ ነጭ ከረጢት ተገኘ፤ አንስተው ለሁሉም አሳዩት።

«ኤደንን የቀበርናት በዚህ ሰበብ ነው» አሉ። «በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ ቢላዋ። ባለማወቅ ነው አትበሉኝ፤ ባለማወቅ መሆኑ እሷን አላስነሣትም። እናንተ ግን ከዛሬ ወዲያ አላወቅንም ማለት አትችሉም። ልጅ ያለው ይህን ይቅበር። ውሻ ያለው መድኃኒቱን ይስጥ፤ የለገሠ ልጅ ከሸዋ በር ክሊኒክ ትሰጣችኋለች። ልጆቻችሁ ምግብ ሳይነኩ እጃቸውን ይታጠቡ። ምናልባት ከአሥር ዓመት በኋላ በዚህ ሰፈር የሚታረድ በግ ሳንባው ንጹሕ ይሆናል፤ ምናልባት ጉበቷን ለሐኪም የምታሳይ ልጅ አትኖርም። እኔ ያን አላይ ይሆናል።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። አንዱ ተነሥቶ አፈሩን መለሰ፤ ሌላው ድንጋይ አምጥቶ ጫነበት። የአቦከር ሰፈር ከዚያ ወዲህ ሳንባ ለውሻ አይጥልም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ከልጆቹ ብዙዎቹ ምን እንዳዳናቸው እንኳ ሳያውቁ ያድጋሉ። ጥቅሙ ያልደረሳት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ጥቅሙም የተገኘው በእሷ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በግቢህ ውሻ ካለ ይህን መጽሐፍ አጥፈህ ሂድና እጅህን ታጠብ፤ ለማዘን በኋላ ጊዜ አለህ።

በዚያው ቀን ጀምበር ሳትጠልቅ አቶ እንደሻው የሊድያን እጅ ይዘው ከሸምሲያ ደጃፍ ቆሙ። መከታ አሁን መድኃኒቱን እየወሰደ ከግቢው ጓሮ ይታሰራል፤ ሆኖም ሕፃኗ ስትመጣ አቅፋው ነበር። ሸምሲያ በሩን ከፈተች።

«ውሃ ልለምንሽ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«የሚጠጣ?»

«አይደለም። ያኔ የከለከልኩሽን።»

ሸምሲያ ወደ ውስጥ ተመልሳ ማንቆርቆሪያውንና ሳሙናውን ይዛ መጣች። ከሊድያ ፊት ዝቅ ብላ ውሃውን በትንንሽ እጆቿ ላይ አፈሰሰች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያሸች፣ በሐረሪኛ አንዳች ነገር እያጉተመተመች። የልጅቱን እጅ በነጠላዋ ጫፍ ስታደርቅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«አብሽሩ፣ አይዞዎት፣ አቶ እንደሻው» አለች ሳታያቸው።

አቶ እንደሻው እጅጌያቸውን ሰብስበው ሁለት እጃቸውን ከማንቆርቆሪያው ሥር ዘረጉ። ሸምሲያም አፈሰሰችላቸው። ሲታጠቡ፣ ሲታጠቡ ውሃው አለቀ፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ከዘረጉበት አልመለሱም።